የእትዬ ጫማ ልክ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ ከወስፌና ከሙጫ ጋር እንደምታውቀኝ አለሁ፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለኝ የለም።

እትዬ የሰፋሁላትን ጫማ ሁለቴ "ጠበበኝ" ብላ መልሳብኝ ተኳርፈን ነበር። ሃያ ዓመት ጫማ ሰፍቼ የገዛ እህቴን እግር እስታለሁ እንዴ ብዬ ነው የተናደድኩት። ለካ ልኬቴ አልተሳሳተም፤ እግሯ ራሱ በአርባ ዓመቷ እያደገ ኖሯል። ሐኪም ቤት ወስጄ ባስመረምራት፣ ሐኪሙ ከአንጎሏ ሥር ምስር የምታህል ዕጢ አገኘ። የእድገት ሆርሞን ያለልክ የምትረጨው ይህች ናት አለን።

ዕጢዋን በአፍንጫዋ ቀዳዳ ገብተው አወጧት ብልህ ታምነኛለህ? ፊቷ ላይ አንድ የስፌት ምልክት የለም። ስፌቴ አይታይም እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ዓመት ሙሉ አልወልቅ ያለው ቀለበቷ ሸርተት ብሎ ወለቀ።

"በል አሁን ስፋልኝ" አለችኝ።

"መጀመሪያ ትለኪያለሽ" አልኳት።

ሐኪሙ ይህ ነገር አንዳንዴ በዘር ይሄዳል ብሎ ስንት ወንድምና እህት እንደሆንን ጠየቀኝ። ሦስት ነን አልኩት። እኔን እዚያው መርምሮ ደህና ነህ አለኝ።

ባለፈው የላክሁልህን ጫማ የሰፋሁት በድሮው ልክህ ነው፤ አንተም ጠበበኝ ብለህ ጽፈሃል። እባክህ ይሄ እንደደረሰህ ሁለቱንም እግርህን ወረቀት ላይ አቁመህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ላክልኝ። ቀለበትህንም እስቲ አውልቀህ ሞክረው።

ደህና ሁንልኝ። ወረቀቱ እስኪደርሰኝ ድረስ የማንንም ቆዳ አልቆርጥም።

ወንድምህ፣ ጫማ ሰፊው