የሺአረግን ሆኜ እስክመጣ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ፣ ማዘንጊያዬ፣

ሆድሽ እንዴት ገፋ? እግርሽስ ያብጣል? ኅዳር ላይ እወልዳለሁ ብለሽ ከላክሽብኝ ወዲህ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። አያት ልሆን እኮ ነው። ብቻዬን እየሳቅሁ ጎረቤት አበደች ይለኛል።

መውጫ ወረቀቱን ከልክለውኛል። «ልጅሽ ከድታ የወጣች ናት» ብለው ከበር መለሱኝ። በእግር እንዳልሞክረው ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። እናም ሌላ ሴት ሆኜ በባቡር ልመጣ ነው።

ሴትዮዋ የሺአረግ ትባላለች። እዚያው ጅቡቲ ለፈረንሳይ ወታደሮች ስታበስል ኖራ ባለፈው ክረምት ጠቅልላ ገባች፤ አሁን እዚህ ሱቅ ከፍታለች። የጅቡቲ የመኖሪያ ካርዷ ገና ጊዜው አላለፈም፤ በእሱ ነው የምሳፈረው። ፎቶውን ላየው፣ አፌን ከገጠምኩ፣ ቁርጥ እኔን ነው።

ችግሩ ደወሌ ኬላ ላይ ፎቶ ብቻ አያዩም። በቅርቡ አንዲት ሴት በሰው ካርድ ስትሄድ፣ «ፈረንጅ ቤት ካበሰልሽ እስቲ አውሪ» አሏት። የሸመደደችውን የመጽሐፍ ፈረንሳይኛ አንበለበለችው። «ወጥ ቤት እንዲህ ሲያወራ የት አይተሻል?» ብለው ከባቡሩ አወረዷት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም።

ስለዚህ እናትሽ በዚህ ዕድሜዋ የወጥ ቤትና የመንገድ ፈረንሳይኛ ተማሪ ሆናለች። ብታይኝ በሳቅ ትሞቺያለሽ። እኔ ትምህርት ቤት የማውቀው እንግሊዝኛ ነው፤ የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ካልጠራሁ አይሆንልኝም። የሺአረግ ደግሞ፣ «የቃሉን ጅራት ዋጪው አልኩሽ እኮ፤ ማነው ጅራቱን እንድትጎትቺ የላከሽ?» ትለኛለች። ውኃ «ኦ» ነው፤ በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ የደነገጠች መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ሥራ «ቡሎ»፣ ምግብ «ቡፍ»፣ ገንዘብ «ፍሪክ»፣ ፖሊስ «ፍሊክ»። «ሳ ቫ» ደህና ነሽም ነው፣ ደህና ነኝም ነው። ስሙ የጠፋብሽ ነገር ሁሉ «ትሩክ» ነው፤ ይቺን እንዴት እንደወደድኳት። አላውቅም ለማለት «ሼ ፓ» ብለሽ ትከሻሽን ትሰብቂያለሽ። «ቦፍ» ስትዪ ደግሞ ከንፈርሽን ነፋ አድርገሽ ነው፣ ሁሉም ነገር እንደሰለቸው ሰው። እኔ ግን ምኑም አልሰለቸኝም።

ቅዳሜ ጧት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ይህንኑ ሳነበንብ፣ ጓድ ጉግሳ በሩ ላይ ቆሟል። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ሹም፣ ያ የባቡር ፎርማኑ ልጅ።

«ሳ ቫ፣ እትዬ ተሻለች?» አለኝ።

አፌ ቀደመኝ። «ቦፍ፣ ሳ ቫ» አልኩ፤ ትከሻዬም አብሮ ተሰበቀ።

«እርስዎ እንግሊዝኛ አልነበር የሚያውቁት?»

«ከባቡር ሰዎች የለቀምኩት ነው፣ ልጄ።»

«የባቡር ሰው ቦፍ አይልም። እኔ እንዲህ ስል አባቴ ቢሰማ በጥፊ ነበር የሚለኝ።» ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ድንገት በፈረንሳይኛ፣ «ስምሽ ማነው?» አለኝ።

ልጄ፣ ስንት ዓመት ስሜን እየጠራ ላደገ ሰው፣ ጥቂት አስቤ፣ «የሺአረግ» ብዬ መለስኩለት። ያስጠናችኝን።

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። እሱ መሬት መሬት አየ። በኋላ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና፣ «ዘገዩ» አለኝ በአማርኛ። «ሲጠየቁ እንዲህ ካሰቡ፣ ደግሞ እንዲህ ከተንቀጠቀጡ፣ ፈረንሳይኛው አያድንዎትም።» ወጥቶ ሄደ። በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ መኪና ቤታችን አጠገብ በቆመ ቁጥር ነጠላዬን አነሣለሁ፣ ሲወስዱኝ ራቁት ትከሻዬን እንዳልሆን። የሺአረግ፣ «ይቅርብሽ፤ ከማን ጋር እንደምትሄጂ እስኪያይ ነው የተወሽ» ትላለች። ጅቡቲ የምትመላለሰው የመጋላ ሰፈሯ ነጋዴ ሃሊሞ ደግሞ፣ «አቦ፣ ሊያስርሽ የፈለገ ሰው ቁጭ ብሎ ያርምሻል?» ትላለች። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። የልጁን ፊት መላልሼ አስበዋለሁ፤ ምኑም አይነበብ።

ያም ሆኖ ሐሙስ እሳፈራለሁ። የመጀመሪያ ልጅሽን ያለ እናት አትወልጂም።

ሃሊሞ ይህን ደብዳቤ ይዛ ነገ ትቀድመኛለች፤ እሷን የሚፈትሽ የለም። አንብበሽ አቃጥዪው። እዚያ ጅቡቲ ለገሃር ስትመጪ ስታዪኝ አትሩጪ። እማዬም እንዳትዪኝ። እንደ ባልንጀራ «የሺአረግ» ብለሽ ጥሪኝ፤ አንደበትሽ እንቢ እንዳይልሽ ከአሁኑ ተለማመጂው። እኔም «ሳ ቫ» ብዬሽ አልፋለሁ፤ ሆድሽን አልነካም። ቤት ገብተን በሩ ይዘጋ እንጂ፣ ያኔ ማን ያስቆመኛል።

ባቡሩ ገብቶ ካጣሽኝ ግን ማንንም አትጠይቂ። የአራስ ገንፎ የምታገነፋልሽ ደህና ሴት ፈልጊ። ቅቤውንና በርበሬውን በሃሊሞ ልኬልሻለሁ። ሐሙስ የምትመጪ ከሆነ ለምን ራስሽ አልያዝሽውም ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ፤ ሸክሙ ከብዶኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እመብርሃን በሽልም ታውጣሽ። ለልጅሽ አባት ሰላም በዪልኝ።

እስከ ሐሙስ እናትሽ፣
ተሻለች