ሣር የሌለበት ግቢ

አባዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር አታምነኝም፤ ስዋሽ ታውቅብኝ ነበር። ደህና አይደለሁም። እናቴም ቀድማህ ስለሄደች፣ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ባለው ቤታችን ብቻዬን ነኝ። ከፋርማሲው ሥራ እመለሳለሁ፣ የግቢውን በር እቆልፋለሁ፣ በቃ።

ግቢውን ብታየው ትቆጣኛለህ። የክረምቱ ጭቃ ሲያማርረኝ ያንተን ሣር አስነቅዬ ከበሩ እስከ በረንዳው ሲሚንቶ አስደረግሁት። ንጹሕ ነው፣ ግን እስር ቤት መስሏል።

የጠፈር ልብ ወለድህን ከስኩዌር ደብተሮችህ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬዋለሁ፤ እስካቆምክበት ድረስ ማለቴ ነው። በውጭ አገር ፊልም ሌላ ፕላኔት ላይ የሚያርፉት ሁሉ ወይ ገዢ ወይ ተገዢ ሲሆኑ ትናደድ ነበር። ሌላ ነገር አይታያቸውም ወይ ትል ነበር። ላንተማ ታየህ፤ ኖረኸዋላ። በድርቁ ጊዜ በልጅነትህ ከወሎ በአውቶቡስ ተጭነህ መጣህ፣ ወላጆችህን እዚህ አጣህ፣ እዚህ አጠገባችን ያለችው የጉቴ ከተማዋ እናትህ በጉዲፈቻ ወስዳ ከልጇ ከኦቦ ዲንቃ ጋር በአንድ ቁርበት ላይ አሳደገችህ። ለዚህ ነው የመንኮራኩርህ ሰዎች ምድራቸው ደርቆባቸው የተሰደዱት፤ ለዚህ ነው የፕላኔቷ ሰዎች የሌላ ሰው ልጅ ማሳደግ የሚወዱት። የፕላኔቷን ሰዎች ባለ ሦስት እጅ አደረግሃቸው። ኦቦ ዲንቃ፣ ሦስተኛው እጅ ምን ይሠራል ብለው ሲያሾፉብህ፣ እሱ ለእንግዳ ነው አልካቸው።

ያቆምክበት ገጽ ግን አስጨንቆኛል። የፕላኔቷ ሕግ የጉቴ ሕግ ነው፤ ሰላም ወይም ዕርቅ የፈለገ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይቀርባል። የመንኮራኩሩ ወለል ደግሞ ብረት ነው። ሣር ካልያዙ መውጣት አይችሉም፣ ካልወጡ ሣር አያገኙም። እዚያ ላይ ታመምክ። ልጨርስልህ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ተነሣሁ መሰለህ፤ እኔም አብሬያቸው ተዘግቶብኛል።

የማታውቀውን ልንገርህ። የቀብርህ ዕለት ኦቦ ዲንቃ፣ ጉቴ እናታችን አጠገብ ይረፍ ብለው ለመኑኝ። እኔ እዚሁ ነቀምቴ ቅርቤ እንድትሆን ፈለግሁ። ሲደጋግሙብኝ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እርስዎ የሥጋ ወንድሙ አይደሉም» አልኳቸው። በጉዲፈቻ ቤት ይህ ቃል እንደማይባል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እሳቸው ግን ሣጥንህን እስከ ጉድጓዱ ተሸከሙ፣ አፈር አለበሱህ፣ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ሣር ይዤ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። መንገድ ተዘጋ ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሲከፈትም ሰበብ አላጣሁም። ጉቴ እኮ ቅርብ ነው። ግን በምን ዓይኔ ልያቸው?

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማነው አልኩ። ከቆርቆሮው በር ሥር አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ወደ ውስጥ ሲገፋ አየሁ፤ ጤዛው ገና አልደረቀም። ቀጥሎ ያንን የማውቀውን ሳል ሰማሁ።

«እሱን ያዢና ክፈቺ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ።

ልጄ ማለታቸው ነው፤ አንተም እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ። ተበዳዩ እሳቸው፣ ሣሩን ይዘው የመጡትም እሳቸው። ሣሩን አነሣሁ። በሩን ከፈትኩና ያንኑ ሣራቸውን ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አባዬ።

ይህን ስጽፍልህ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲሚንቶውን በከዘራቸው እየመቱ ስለ ሣሩ ይጨቀጭቁኛል። የመጨረሻው ገጽህ አሁን ገብቶኛል። ሣሩ የሚገባው ከውጭ ነው፤ በመንኮራኩሩ በር ሥር፣ የፕላኔቷ ሰዎች በሦስተኛው እጃቸው ያቀብሏቸዋል። ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ።

ከበሩ አጠገብ ያለውን ሲሚንቶ አስፈልጬ ሣርህን መልሼ እተክላለሁ። እሱን ባየሁ ቁጥር አስብሃለሁ። ሲያድግም የመጀመሪያውን ጭብጥ ይዤ ጉቴ፣ እናትህ መቃብር ላይ አኖርልሃለሁ።

ልጅህ፣
የወንድምህም ልጅ።