ያጣላን ምዕራፍ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ጣራው እንደተለመደው ያፈሳል።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። አባትሽ የሰውን አመጣጥ በሳይንስ ሲያስተምር፣ ፈጣሪ ሰውን እንዴት እንደፈጠረም አብሮ ያስተምር ወይ የሚል ጉዳይ ነው። አባትሽ «ሁለቱም ይሰጡ፣ ግን በየክፍለ ጊዜያቸው» ከማለቱ፣ ሰባኪው ወንድሜ «ልጆቻችንን የዝንጀሮ ዘር ልታደርጋቸው!» ብሎ በወንበር ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ ሰሌዳው ላይ ተረጨ። ከዚያማ ወላጅ ከወላጅ ተናነቀ፤ የማስተማሪያው አጽም እግር እንኳ ተነቅሎ ዱላ ሆነ።

እኔ የጽዳት መወልወያዬን ይዤ የገባሁት ላገላግል ነበር፤ እሱ ፈጣሪ ያውቃል። የአባትሽን ደም ሳይ ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። የእናቴን ልጅ ክንዱን ሰበርኩት። ቀጭ ያለው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ሐኪም ቤት አንድ ክፍል አስተኝተዋቸዋል። ጀርባ ተሰጣጥተው ተኝተዋል፤ ሾርባ ለሁለቱም የምመግበው እኔው ነኝ። አንቺም እዚያ በእምነት ነገር ከሰው አትከራከሪ፤ የግድ ከሆነብሽም ወንበር የሌለበት ቦታ ይሁን።

ትናንት ክፍሉ ውስጥ ደሙን ሳጥብ አባትሽ የሚያስተምርበትን የሳይንስ መጽሐፍ ከወንበር ሥር አገኘሁት። ወስጄ ወንድሜን «አንብበኸዋል?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ፈጣሪ ከእንዲህ ያለ ቀን ይሰውርሽ፣ ልጄ። ባይከብድሽ፣ ያ የሰው አመጣጥ ምዕራፍ ምን እንደሚል በሚገባኝ ቃል ጻፊልኝ። እኔም አላነበብኩትም።

እናትሽ