ሃሌታውና ሐመሩ

ጥር 6
ዋለ ወደ ደሴ ተዛወረ። ኢሜይላችን ላይ ያሉትን የጋራ ማህደሮች በየቀኑ የሚከፍተው እሱ ነበር... አሁን ማን ይክፈታቸው? የእርዳታ ድርጅታችን ኃላፊ አቶ መለሰ ጠሩኝ። «ሐረግ፣ የራሳቸው የኢሜይል አድራሻ ያላቸውን ለዪልኝ። ደብዳቤ የሚገባባቸው እነሱ ናቸው። ሌላውን ተዪው።» በእጅ ስለይ ልከርም? ኮድ እጽፋለሁ።

ጥር 9
ሠራ! የማህደሩን ስም ይወስድና አድራሻ መዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል። ካገኘው «ደብዳቤ ይገባበታል»፣ ካጣው «ተራ» ይላል፤ ተራውን ከእንግዲህ ማንም አይከፍተውም። አቶ መለሰ ሻይ ጋበዙኝ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጥር 15
ሸህ አብዱልጀሊል ከከላላ መጡ። ቁርኣን አስተማሪ ናቸው። ልጃቸው ጁማና ልቧን ታማለች፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና እንድታገኝ የጻፍንላት እኛ ነን።
«ወሬ አለ፣ ሐረግዬ?»
«ቀጠሮው ገና ነው፣ ሸህዬ።»
«አብሽሪ፣ ይመጣል።» እኔን ማጽናናታቸው! ጁማና ታች ቀርታለች፤ ደረጃው አቅቷት። ከንፈሯ ጠቁሯል።

የካቲት 4
ሸሁ ዛሬም ደወሉ። ምን ልበላቸው? አልመጣም...

የካቲት 20
ጁማና ሞተች። ትናንት ቀበሯት።

የካቲት 21
ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ፣ ልጮህባቸው። «በጥር ልከን ነበር እኮ። ቀጠሮዋ አለፈ» አለችኝ ሴትዮዋ። የት ነው የላካችሁት? «ሁልጊዜ የምንልክበት።»
«ሕክምና» የሚለውን ማህደር ከፈትኩት። አለ። ማንም ያልነካው ደብዳቤ። ኮዴ «ተራ» ያለው ማህደር ነው... ለምን?
አፍጥጬ አየሁት። ማህደሩ ላይ «ሕክምና»፣ በሐመሩ ሐ። አድራሻ መዝገቡ ላይ «ህክምና»፣ በሃሌታው ሀ። ለእኛ አንድ ነው። የራሴን ስም እንኳ ሲያሻኝ በሀ፣ ሲያሻኝ በሐ እጽፋለሁ። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። እንዴት ይህን ረሳሁ? ባለቅስም አልወጣልኝ አለ።

የካቲት 24
ኮዱን አስተካከልኩት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ። አንድ መስመር ብቻ ነው የጨመርኩት። አንድ መስመር!

የካቲት 26
ከላላ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ሸሁ ለመጣው ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» ይላሉ። ዝም ብል ማን ያውቃል? አልቻልኩም። ሰው ገለል ሲል ሁሉንም ነገርኳቸው... ደብዳቤው መጥቶ እንደነበር፣ እኔ እንዳላየሁት፣ የሁለቱን ፊደል ነገር። ይረግሙኛል ብዬ አቀርቅሬ ጠበቅኩ።
«ጁማናም ቁርኣን ስትቀራ ሁለቱን ሃ መለየት ያቅታት ነበር» አሉ። «በዐረብኛ ለየቅል ናቸው። እሷ አንድ አርጋ ነው የምትላቸው።»
«ይቆጧት ነበር?»
«ኧረ በፍጹም። ልጅ ናት፣ ስታድግ ትለያቸዋለች እል ነበር። አንቺንስ ምን ብዬ ልቆጣ?»
ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።