የታጠቡት አሥራ ሁለት እንቁላሎች

ረቡዕ

አውራ ዶሮ የለውም! ሰውዬው የሚፈለፈል እንቁላል ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ስለ አውራው ስጠይቀው ሴቶቹ ብቻቸውን ይጥላሉ እኮ አለኝ። ይጥላሉማ። ጫጩቱ ግን ከየት ይመጣል? በፖስታ ያስመጣሁት የመጀመሪያው ደግሞ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ አንድም አልተፈለፈለም። ከእንግዲህ በዐይኔ ሳላይ አልገዛም።

በእንስሳት እርባታ ተመርቄ ኤርፖርት ሻንጣ እጭናለሁ። ይሄ መፈልፈያ ማሽን ካልሠራልኝ ዲግሪው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አክስቴም ጋራዧን የፈቀደችልኝ ለአንድ ተጨማሪ ሙከራ ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ሻጭ፦
አንድ አውራ ለስንት ሴት ነው?
መቼ ተጣለ?
ፍሪጅ ገብቷል?
ታጥቧል ወይ? (ከታጠበ የቅርፊቱ መከላከያ ይለቃል። አልፈልግም።)

ሐሙስ

ሳክሲ የሚባል ገጠር ዶሮ የምታረባ ሻጭ ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጭቃ በጭቃ በሆነ ቦቲ ወጣች። ዝርዝሬን ሳልጨርስ ጠያቂዋ እሷ ሆነች፤ ማሽንሽ ስንት ዲግሪ ይይዛል፣ እርጥበቱን በምን ታውቂያለሽ፣ ሥራ ስትሄጂ ማን ያያል። መመረቂያ ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ አላላበኝም። ከዛ የዛሬውን አንድ እንቁላል ሰሃን ላይ ሰብራ አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ አሳየችኝ፤ ዙሪያዋን ቀለበት አላት። አውራው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ሃያ አራት ጠየቅኩ፤ አሥራ ሁለት ብቻ ሰጠችኝ። የሆነውን እንዳለ ከነገርሽኝ ሌላውን እናያለን አለች።

የመኪናውን ቀበቶ አስሬላቸው በዝግታ ነዳሁ። ከኋላዬ ጥሩንባ በጥሩንባ። ኪችን ውስጥ ይረፉ፤ ነገ ከሥራ ስመለስ ማሽን ይገባሉ።

አርብ

የሉም። ካርቶኑ ከነበረበት የለም።

አክስቴ ረጋ ብላ፣ «አጥቤ ፍሪጅ አስገባሁልሽ። ሰው በሁዳዴ እንቁላል እንዲህ ዐይን ፊት ይደረድራል? ለፋሲካ ይሆኑሻል» አለችኝ።

አጥቤ! ስንቱን ሰው «ታጥቧል ወይ» እያልኩ ሳደርቅ የቤቴን ሰው ለካ አላስጠነቀቅኩም። የሚታቀፉ ናቸው ስላት ክው አለች። ታዲያ አትጽፊበትም ነበር አለች። እውነቷን ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ። አውጥቼ ጠበቅኩ፤ አላባቸው። ሲደርቁ ማሽን አስገባኋቸው።

ቅዳሜ

ለሴትዮዋ ቴክስት ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። መኪና ውስጥ ተንገጫገጩ ብላት ማን ያውቃል? ደግሞ ጻፍኩ፣ ደግሞ አጠፋሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሻጭ ሁሉ ዋሸኝ እያልኩ ስነጫነጭ የከረምኩት እኔ ነኝ። በዕረፍት ሰዓቴ እንዳለ ላክሁት፦ ታጥበዋል፣ ፍሪጅ ውለዋል፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

መልስ የለም። ስልኬን እያየሁ ሻንጣ እግሬ ላይ ጣልኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መለሰች። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ መንገዱን ነው የሚያማልኝ፣ ሳምንት ሲሞላቸው በብርሃን እይያቸው ብላለች። ስለ ሌላ እንቁላል ምንም አላለችም። ተቀይማለች?

ጋራዡ በር ላይ በአክስቴ የእጅ ጽሑፍ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ታቅፈዋል። አትንኩ።» ከእኔና ከእሷ በቀር በቤቱ ማንም የለም።

አርብ

ሳምንት ሞላቸው። መስኮት የሌለው የልብስ ክሎዜት ውስጥ ሁለታችን ተጣብቀን ገባን። አክስቴ የስልኩን መብራት ያዘች፣ እኔ እንቁላሉን። የመጀመሪያው ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው ውስጥ ቀይ ክር የመሰሉ የደም ሥሮች፣ መሃላቸው ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ተንቀሳቀሰ። መብራቱም ተንቀሳቀሰ፤ አክስቴ ልታይ ጎንበስ ብላለች።

አምስት ሕይወት አላቸው። አራት ባዶ። ሦስቱን አላውቅም፤ መልሼ አስገባኋቸው። ለሴትዮዋም እንደዚሁ ላክሁላት፣ «አላውቅም» የሚለውን ሳልዘል። ገና ሁለት ሳምንት አለ፤ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

አክስቴ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ቀረች። «እነዚህ እንኳ ለፋሲካ አይሆኑም» አለች።