በሁለት ማኅበር የተመዘገቡት የአቶ ዴቫሲ ቫሬድ የሕይወት ታሪክ

የቦዩ ምሥራቅ ጫኝና አውራጅ ማኅበር መዝገብ እንደሚለው፣ አቶ ዴቫሲ ቫሬድ እ.ኤ.አ. በ1948 በሕንድ ኮቺ ከተማ፣ ከቦዩ በስተምሥራቅ ተወለዱ። የቦዩ ምዕራብ ማኅበር መዝገብ ግን በ1951፣ ከቦዩ በስተምዕራብ ይላል። ሁለቱንም ቃል የሰጡት ራሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ በጎርፍ ስለተበላሸ ማመሳከር አልቻልንም። አባታቸው አቶ ቫሬድ ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሮዛ ዓሣ ሻጭ እንደነበሩ ግን ሁለቱም መዝገቦች ይስማማሉ።

አቶ ዴቫሲ እስከ አምስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የመጋዘን ሥራ ጀመሩ፤ በየትኛው መዝገብ አቆጣጠር እንደሆነ አልገለጹም። በምሥራቅ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል፣ በምዕራብ ሻይ ይራገፋል። ድንበሩ በቦዩ ላይ ያለው ድልድይ ነው፤ በአንዱ ማኅበር የተመዘገበ በሌላው አይሠራም፤ የሚሻገር ጆንያ መሐል ላይ ከአንዱ ማኅበር ተሸካሚ ራስ ወደ ሌላው ማኅበር ተሸካሚ ራስ ይዛወራል። የቁንዶ በርበሬው ወቅት ሲያልፍ አቶ ዴቫሲ የማኅበር ሸሚዛቸውን ለውጠው ወደ ሻዩ ይሻገሩ ነበር። አንድ ቀን መሐል ድልድይ ላይ ተረካቢ ቢያጡ፣ ጆንያውን አውርደው፣ ሸሚዛቸውን ለውጠው፣ ከራሳቸው ተረክበዋል። እንዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ።

በ1975 ዝንጅብል ለቃሚዋን ወይዘሮ ፊሎሜናን አግብተው ሊሲንና ጀሲንታን ወለዱ። ዕቃው ሁሉ በኮንቴይነር መጓዝ ሲጀምር ጡረታ ወጡ። ክሬኑን ግን «ያን ሁሉ ተሸክሞ አንድ ቀን እንኳ ሻይ አይልም» እያሉ ይታዘቡት ነበር።

በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ማርች 4 ቀን 2019 አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። የተሸከሙትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ።

የቀብሩን ሥርዓት በተመለከተ፦ ቤታቸው በምሥራቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በምዕራብ ነው። ስለዚህ ትናንት ከሰዓት በኋላ የሁለቱ ማኅበራት ሊቃነ መናብርት አስከሬኑ አጠገብ ተከራከሩ።

«ዴቫሲ የኛ ሰው ነው፤ እስከ መቃብሩ እንሸከመዋለን» አሉ የምሥራቁ አቶ ኮያ።

«ድልድዩ ላይ ታስረክባለህ፣ እንደ ደንቡ» አሉ የምዕራቡ አቶ ሱኩማራን።

«የምን ደንብ! ጆንያ ነው እንዴ?»

«ካልሆነ ምን አጣደፈህ? የኔም ሰው ነው።»

«ሰውዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያታልልህ አላወቅህም?»

«አውቃለሁ። አንተስ?»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ኮያ። «ቢሆንም ድልድዩ ላይ አላስረክብም።»

«እንግዲያው እዚያው ቁጭ ታደርገዋለህ!»

ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ ፊሎሜና ከባለቤታቸው ራስጌ ተነሡ።

«በዚህ ፀሐይ ባሌን መንገድ ላይ አስቀምጣችሁ ልትጨቃጨቁ? እናንተ ከኋላ ተከተሉ። ነገ የምንሸከመው እኔ፣ ልጆቼና የዝንጅብሉ ሴቶች ነን። እኛን የትኛውም ማኅበር መዝግቦን አያውቅም፤ የሚያስቆመን ድንበር የለም።»