የንስሐ አባት አለኝ

መጋቢት 9 ቀን 2006፣ ዳንግላ

ዛሬም ማንም አልመጣም። ሦስተኛ ሳምንት! ባዮሎጂ አስተምሬ እንደ ጨረስሁ ቁልፌን አንጠልጥዬ ወደ ምክር ክፍሌ ሮጥሁ። ጠረጴዛውን ወለወልሁ፣ ሁለቱን ወንበሮች አቀያየርሁ... ከዚያ ራሴን ራሴ መከርሁት። "ምን ይሰማሻል የሻረግ?" "ብርድ።" ብቻዬን ስንከተከት ርዕሰ መምህሯ፣ የካቶሊክ መነኩሲቷ ሲስተር ሀይማኖት በበሩ አለፉ። በሆዳቸው ምን ብለው ይሆን?

እሳቸው ናቸው እኮ የአምስት ቀን ሥልጠና ልከው "የተማሪዎች አማካሪ" ያደረጉኝ። "ልጆቹ ይጨነቃሉ፣ የሚያዳምጣቸው የለም" ብለው። ክፍሉንም የሰጡኝ እሳቸው፣ ከጸሎት ቤታቸው አጠገብ፣ ጸጥ ያለ። መጋረጃው ግን የኔ ሥራ ነው። ከጸሎት ቤቱ የተረፈ ወይን ጠጅ ጨርቅ። ሲያምር!

መጋቢት 12

የአስረኛ ሀ ስም ጠሪ፣ የሒሳብ መምህሩ ስማቸው፣ መምህራን ክፍል ያዘኝ። እመቤት ሁለት ጊዜ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ባዶውን መለሰችለት። እመቤት? አንደኛ የምትወጣዋ? "ማትሪክ አልፈተንም፣ ትምህርቱንም እተዋለሁ ብላለች" አለኝ።

ፈተናው ሁለት ወር ነው የቀረው። ያችን ልጅ እኮ በሐሳቤ የሐኪም ነጭ ጋወን ካለበስኋት ቆይቻለሁ... ምን ነካት?

መጋቢት 15

አስጠራኋት። በሩ ድረስ መጣች፣ አልገባም አለች።

"ለምን?"

መጋረጃውን አየች። መሬት አየች።

"ቲቸር፣ እኔ የንስሐ አባት አለኝ።"

"ምን?"

"ቄስ ምንይችል ናቸው። ደግሞ... ካቶሊክ መሆን አልፈልግም።"

ወይኔ ጉዴ! ለካ ልጆቹ መጋረጃውን አይተው የካቶሊክ ንስሐ መግቢያ መስሏቸው ነው የሚሸሹኝ! እዚያ ገብቶ የተናገረ ፋሲካ ሳይደርስ ካቶሊክ ይሆናል ተብሎ ተወርቷል። በማን አማካይነት? በኔ! በጊዮርጊሷ ዘማሪ በየሻረግ!

ለሲስተር ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "እኔ በሃያ ዓመት ያልቻልኩትን አንቺ በአንድ መጋረጃ!"

መጋቢት 16

መጋረጃው ወረደ። ማንም አልገባም።

መጋቢት 18

ጋሪ ላይ! ጋሪ ላይ ተናገረች!

ከትምህርት ቤት በጋሪ ስመለስ እመቤት በእግሯ ስትሄድ ደረስሁባት። ቤቷ ከኔ ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። "ነይ ውጪ" አልኋት። አየነው የሚባለው ባለጋሪ ከፊት፣ እኛ ወደ ኋላ ዞረን። ሥልጠናው ላይ ዓይን ለዓይን ተያዩ ነበር ያሉን... እኛ የምናየው አስፋልቱንና ከኋላ የሚከተለንን ባጃጅ ብቻ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ቲቸር፣ ወረቀት ስቀበል ልቤ ይመታል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። የምሞት ይመስለኛል።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም። እናቴ ከሰማች ዕለቱን ጠበል ይዛኝ ትሄዳለች። ሱባኤ ታስገባኛለች። ፈተናው ያልፈኛል።"

"ታዲያ ራስሽ አልፈተንም ብለሽ የለ?"

"ስፈራ ነዋ! ቤት ብቀር ማንም አያየኝም። ፈተና ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ብወድቅ ግን አበደች ይሉኛል። ሁሉም ያየኛል።"

በዚህ መሐል ባለጋሪው አየነው በአገውኛ መዝፈን ጀመረ፣ ያውም ጮክ ብሎ። ምን ነካው ብዬ ብዞር "ቀጥሉ እህቴ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም! ምንም!" ፈረሱ ሳይቀር ደነገጠ። እመቤት ሳቀች። ጥርሷን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ዕብደት አይደለም፣ ጭንቀት ነው አልኋት። አተነፋፈሱን አሳየኋት። በአፍንጫ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ በአፍ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። ከፊት "ፉፉፉ..." ሲል ሰማሁ። አልሰማሁም ያለው ሰውዬ አብሮን ይተነፍሳል!

ሚያዝያ 2

በየቀኑ በጋሪ። ዛሬ ደግሞ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች መጥተው "ቲቸር፣ የጋሪው ወረፋ መቼ ይደርሰናል?" ወረፋ! እኔ ወረፋ አለኝ! ሲስተር ሰምተው "ብቻ መጋረጃ እንዳትሰቅይበት" አሉኝ።

እመቤት ግን ዛሬም የሒሳብ ፈተናውን ግማሹን ትታ ወጣች። ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም። ቤቷ ሰው ያስፈልጋታል። "እናትሽ ማወቅ አለባት" አልኋት።

"ጠበል ከወሰደችኝስ?"

እውነት ከወሰደቻትስ? ፈተናውን ያስቀረኋት እኔ ልሆን ነው...

ሚያዝያ 17

ከፋሲካ መልስ ራሷ ቆረጠች። "እኔው እነግራታለሁ። ብቻ አብረን እንሁን።"

እናቷ እትዬ እታለማሁ መጡ። መረብ ኳስ ሜዳው ዳር አግዳሚው ላይ ተደረደርን፣ ሦስታችንም ፊታችንን ወደ ሜዳው። እመቤት ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔው ቆጠራ ጀመርሁ (በአፍንጫ አራት፣ በአፍንጫ አራት... ማስወጣቱን ረሳሁት)።

"ስለምን ሸሸግሽኝ?"

"ጠበል ትወስጂኛለሽ ብዬ።"

"እወስድሻለሁ እንጂ!"

አለቀልን አልሁ። በቃ።

"ፈተናሽን ስትጨርሽ ነዋ! ጠበሉ የት ይሄድብሻል? የሚሄደው ፈተናው ነው!"

ከዚያ ነጠላቸውን እየነካኩ፣ ቀስ ብለው... "እኔንም የተዳርሁ ለት እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ልቤ ድው ድው ሲል... ሙሽራ ነኝ፣ ለማን ልንገር? እስከ ዛሬ ለሰው አልተነፈስሁም።"

እናትና ልጅ ተያዩ። እኔማ አለቀስሁ። አማካሪ ተብዬ! መሐረብ ያቀበሉኝ እሳቸው።

ግንቦት 8

የሒሳብ ሙከራ ፈተና፣ እመቤት ከመቶ 71! መምህር ስማቸው ወረቀቱን እያውለበለበ ግቢውን ዞረው። እትዬ እታለማሁ ማታ ማታ አብረው እየቆጠሩ ይተነፍሳሉ አሉ።

ግንቦት 19

ማትሪክ። ከጠዋት ጀምሮ ከወላጆች ጋር በር ላይ ቆምሁ። እትዬ እታለማሁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለእናቶቹ ሁሉ "የኔ ልጅ ጭንቀት አለባት! ልቧ ይመታል! ግን ታውቅበታለች" እያሉ ያወራሉ። በኩራት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ... ግን አንዲት እናት ጠጋ ብለው "የኔም እንቅልፍ አጥታለች፣ እንዴት ነው የምታደርጉት?" አሏቸው። ሌላዋም ተጠጉ።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። እመቤት እየሮጠች መጣች።

"ቲቸር፣ ሒሳቡ ላይ መጣብኝ!"

"እና?"

"እጄን አወጣሁ። ፈታኙን 'ጭንቀት ነው፣ አንድ ጊዜ ልተንፍስ' አልሁት። ሁሉም ዞረው አዩኝ።"

"እና?"

"ይዩኝ! ተነፈስሁ። ጭንቀቱም ሄደ። ጥያቄው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፣ ሠራሁት።"

እናቷ እልል አሉ። "እማ፣ ገና እኮ ነገ ፊዚክስ አለ!" ትላለች ልጅቱ፣ አፍራ። ማን ይስማት!